ምናለበት ሐይቅ ወረደ

እነዋሪ ላይ ሰው ርቆ ወደ ውሃ የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ታሞ ጸበል ሊጠመቅ፣ ወይ በጋው በርትቶበት ከብት ሊያጠጣ። ስለዚህ የአማቴን ውሻ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወስደን ልናዝናናው መሆኑ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ያሰበው የመጀመሪያውን ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ድረስ መጡና «እግዜር ይማረው፣ ምን ያዘው?» አሉ። ባለቤቴ «ምንም አልያዘው እማማ፣ ሽርሽር ነው» አለቻቸው። ውሻውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እኛን አዩን። ቀጥለው «እናንተንም ይማራችሁ» ብለው ሄዱ።

ውሻው ምናለበት ይባላል። መልኩ ቡላ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የታጠፈ፣ ዘሩ የማይጠየቅ የገጠር ውሻ ነው። ስሙ ግን ታሪክ አለው። ታሪኩም የሚነሣው ከውሃ ስለሆነ፣ ጅሩ ላይ ደግሞ የውሃ ነገር ከአፈር ስለማይለይ፣ መጀመሪያ ስለ አፈሩ ትንሽ ላውጋ።

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በደነባ አድርጎ የመጣ ሰው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ያገኛል። ስንዴው፣ ጤፉ፣ ምስሩ፣ ጓያው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። የጅሩ ሰንጋ ተብሎ በየበዓሉ ዋጋው አዲስ አበባ ድረስ የሚወራለት በሬም የዚያው አገር ልጅ ነው። (በነገራችን ላይ ጅሩ ውስጥ ሰንጋ ቤት ውስጥ ያድራል፣ ውሻ ውጭ ያድራል፤ እንግዳ መካከል ላይ ነው።) ሜዳው ሲያልቅ ሳያስጠነቅቅ ያልቃል፤ አንድ እርምጃ ከጨመሩ የጀማ ገደል ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የግልገል እግር ይውጣል፣ በክረምት ቦቲ ጫማ ከእግር ላይ አውልቆ ያስቀራል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ አማቾቼን በክረምት ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ደጃፋቸው የደረስኩት አንድ እግሬ በጫማ፣ አንድ እግሬ በካልሲ ሆኖ ነው። ሙሽራው መጣ ብለው የወጡ ዘመዶች እልል ማለቱን ትተው ጫማዬን ፍለጋ ዘመቱ።

አገራችን እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንዳላት ባለሙያዎች ጽፈዋል። ጠባዩ ያው ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ያብጥና አፉን ይዘጋል። የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች ልስረግ ቢል አፈሩ እምቢ ይለዋል፣ ወደ ጎን ልፍሰስ ቢል ሜዳው እምቢ ይለዋል። ስለዚህ እዚያው ማሳው ላይ ተኝቶ የዘሩትን ያበሰብሳል። ሌላው አገር ገበሬ ሰማይ አንጋጦ ውሃ ሲለምን የጅሩ ገበሬ ክረምቱን የሚፈጀው ውሃ በማባረር ነው።

«ድሮ ውሃውን የምናባርረው በእጃችን ነበር» ይላሉ አማቴ፣ አባባ። ዘር ከተዘራ በኋላ ቤተሰቡ፣ ሴቱም ሕፃኑም ሳይቀር፣ ማሳው ውስጥ ጎንብሶ ጭቃውን በእጁ እየዛቀ ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ ያወጣል። በመደብና በመደብ መካከል ቦይ ይቀራል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የጥቁር አፈር ምርምር ሲጀመር እነዋሪ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የከብት ምርምር ማዕከልና የአገራችን የእርሻ ተመራማሪዎች መጥተው የጅሩን የእጅ ሥራ አዩ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው፣ የብረት ክንፍ ሰክተውበት፣ በጥማድ በሬ የሚጎተት መደብ ማውጫም ሠሩ። ቢቢኤም ይባላል። የሚያወጣው መደብ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አባባ መሣሪያውን ይወዱታል፤ የፈጠራው ነገር ሲነሣ ግን ምንም ሳይናገሩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ።

ቦይ ሲበዛ ታዲያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ የወጣው ውሃ ወዴት ይሂድ? ከላይ ካለው ሰው ማሳ የወጣ ውሃ ከታች ያለው ሰው ማሳ ውስጥ ይገባል። አባባ ከላይ ናቸው። አንድ ሐምሌ ላይ ከታች ያሉት ጎረቤታቸው መጥተው «ውሃህን ለቀቅህብኝ» አሏቸው። አባባ «ውሃው የእግዜር ነው» ብለው መለሱ። ነገር ተካረረ። በዚያው ሰሞን ቤት ውስጥ አንድ ቡችላ ገባ። በገጠር የውሻ ስም ለውሻው የሚወጣ እንዳይመስላችሁ፤ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። አባባ ማታ ማታ ድንበሩ ላይ ቆመው «ምናለበት! ኧረ ምናለበት!» እያሉ ቡችላውን መጥራት ጀመሩ። ጎረቤትየውም ቢሆኑ የዋዛ ሰው አልነበሩም። ውሻ ፈልገው የማያውቁት ሰውዬ ከዘመድ ቡችላ ለምነው አመጡና «አለበት» አሉት። ያን ክረምት ከላይ «ምናለበት!»፣ ከታች «አለበት!» ሲባባሉ ያመሹ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ፣ በሁለቱ ማሳ መካከል የጋራ ማፋሰሻ ተቆፈረ፣ ሰዎቹ ታረቁ። ውሾቹ ከነስማቸው ቀሩ።

እንግዲህ ይህ ምናለበት ነው ውሃ አይቶ የማያልፈው። አባባ ከበሬዎቹ ኋላ ሆነው መደብ ሲያወጡ እሱ ከአባባ ኋላ ይከተላል፤ ቦዩ ገና ውሃ ሲቋጥር ለጥ ብሎ ይጋደምበታል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቦዮቹ ተሰብስበው የሚወጡበትን አፍ ነው። እዚያ ሲተኛ ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ማሳው ይመለሳል። «እኔ አስወጣለሁ፣ እሱ ያስገባል» ይላሉ አባባ፤ «አባይ ላይ ይሄን አስተኝተው ቢሆን ስንት ሲሚንቶ በተረፈ።» ጥር 10 ቀን ወጣቱ ለከተራ ውሃ ሊከትር ሲወጣ ምናለበት ቀድሞ በሰንሰለት ይታሰራል። ባሕረ ጥምቀት ውስጥ ውሻ ዘሎ ገባ ከሚባል አገር መልቀቅ ይቀላልና።

ሰፈሩ ታዲያ ሌላው ቢቀር ጤነኛነቱን ይመሰክርለታል። ያበደ ውሻ ውሃ ይፈራል ስለሚባል፣ ቀኑን ሙሉ ቦይ ውስጥ የሚውል ውሻ ከአገሩ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ አይስማሙም። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው የሚታነቀው በበሽታው የተያዘው ሰው ነው እንጂ ያበደ ውሻስ ወንዝ ተሻግሮም ይነክሳል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የሞከረው ክትባት የዚህ በሽታ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የምንለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በእሱ ስም ከተቋቋመው ተቋም ነው። ስለዚህ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አልሰማንም፤ ምናለበት ከመንገዱ በፊት ተከተበና ወረቀት ተሰጠው። አባባ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው «የኔ መታወቂያ ጊዜው ካለፈ ከራርሟል፣ የሱ ታደሰ» አሉ።

ውሻውን ሐይቅ የማድረስ ሐሳብ የልጆቻችን ነው። ክረምቱን እነዋሪ ሲያሳልፉ ውሻው ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል ያዩታል፤ ማታ ደግሞ ኔትወርክ በመጣች ቁጥር በስልክ የሰው አገር ውሾች ያያሉ። ፖርቱጋል ውስጥ ድሮ ከዓሣ አጥማጅ ጋር ባሕር ላይ ይውል፣ መረብ ይጎትት፣ ከጀልባ ጀልባ እየዋኘ መልእክት ያደርስ የነበረ የውሻ ዘር አለ። የኦባማ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2009 ቤተ መንግሥት ያስገቡት ቦ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ውሻ ከዚያ ዘር ነበር። ልጆቹ ፎቶውን ለአባባ አሳዩ።

«በግ ይጠብቃል?» አሉ።

«አይጠብቅም አባባ።»

«ሌባ ይይዛል?»

«ወታደር አለኣ፣ ሌባ ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ ሥራው ምንድነው?»

ሥራው መዋኘት እንደሆነ ተነገራቸው። ቀጥሎ ጣሊያን አገር ከሄሊኮፕተር ዘለው ባሕር ውስጥ እየገቡ የሚሰምጥ ሰው የሚያወጡ ኒውፋውንድላንድ የሚባሉ ግዙፍ ውሾች ቀረቡላቸው። ይሄን ሲያዩ አባባ ዝም አሉ። ስልኩን ተቀብለው እንደገና አዩት። ከዚያ ደጅ የተኛውን ምናለበትን አዩና «ምን ያንሰዋል?» አሉ። እዚያ ላይ ነገሩ አለቀ። እኔ ቢሾፍቱ ብዬ ሳቀርብ ደግሞ፣ የቀድሞ ስሟን ስጨምርላቸው፣ ከመደባቸው ብድግ አሉ። «ደብረ ዘይት? ቢቢኤም ተሞክሮ የመጣው ከዚያ አይደል? እኔም እሄዳለሁ።»

የወዳጄን ፒክአፕ ተውሰን ጳጉሜን 2 ቀን ተነሣን፤ ማታውን አዲስ አበባ እኛ ቤት አድረን በማግስቱ ለመውረድ። ኋላ መጫኛው ላይ ምናለበትና ልጆቹ፣ ፊት እኛ። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃኑ ፋብሪካ ያመረተውን፣ አባባ ለእንግዳ ብቻ የሚያወጡትን ብርድ ልብስ ለውሻው አነጠፉለት። ባለቤቴ «እኔ ስዳር ይሄ ብርድ ልብስ አልተሰጠኝም» አለች። ደነባን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ጫጫን፣ ሸኖን አለፍን። ሰንዳፋን አልፈን በለገዳዲ በኩል ስንወርድ ምናለበት ተነሥቶ በአየሩ ላይ አፍንጫውን ዘረጋና ማላዘን ጀመረ። አዲስ አበባ የምትጠጣው ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ መተኛቱን ማን እንደነገረው አላውቅም። ፍጥነቴን ጨመርኩ።

በማግስቱ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ላይ አባባ ኪሳቸውን እየዳበሱ «ለሱም ይከፈላል?» ብለው ጠየቁ። ክፍያ የምትቀበለው ልጅ ከመስኮቷ አንገቷን አውጥታ አየችውና «ክፍያው በመኪና ነው፣ አባት» አለች። አባባ ለምናለበት ጮክ ብለው «በነፃ ነህ» አሉት።

ሐይቅ ዳር ከሆነ አንድ ሎጅ ስንደርስ ግን በነፃም በክፍያም አልሆነም። ዘበኛው ከመኪናው ሥር መስታወት አስገብቶ አየ፣ ቦርሳ ፈተሸ፣ የአባባን ዱላ ተቀበለ፣ ሁሉንም በትሕትና። መጫኛው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ውሻ አይገባም።»

«ምናለበት ነው እኮ» አሉ አባባ።

«አባቴ፣ ምን እንዳለበት እኔ አላውቅም፤ መመሪያ ነው።»

«ስሙን ነው የነገርኩህ፣ ልጄ።»

ልጁ ግራ ተጋብቶ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገሩን ላስረዳ አፌን ስከፍት አንዲት ወይዘሮ ከመኪናቸው ወረዱ፤ ብብታቸው ሥር ሻርፕ ይሁን እንስሳ የማይለይ ነጭ ነገር ይዘዋል። ነገሩ አንድ ጊዜ «ውፍ» አለ። ዘበኛው እጅ ነሥቶ አሳለፋቸው። አባባ «ምነው ሸዋ!» አሉ። ዘበኛው አፈር ብሎ «ያ የቤት ውሻ ነው፣ አባቴ» አለ።

«የኔውስ? ከዱር ነው ያመጣሁት?»

መልስ አልነበረውም። መመሪያውን የጻፈው እሱ አይደለም፤ ብብት ሥር የሚያዝ ውሻ ያለው ሰውም አይደለም። ዱላቸውን በሁለት እጁ መለሰላቸው፤ ወደ ሆራ እንድንሄድ የመከረንም እሱ ነው፤ እዚያ ዳርቻው ለሰው ሁሉ ክፍት ነው አለን። ለነገሩ ቢሾፍቱ ውስጥ ሐይቅ የማማረጥ ዕድል አለ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ሰረዝኩት፤ በዋቅላሚ ብዛት አረንጓዴ የሆነ ሶዳማ ውሃ ነው፣ ምናለበት እዚያ ገብቶ ቢወጣ እነዋሪ ላይ ማን ብለን እናስተዋውቀዋለን? ጨለለቃ ደግሞ የወፍ አገር ነው፤ ወፍና ምናለበት ደግሞ አይስማሙም።

ሆራ አርሰዲ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ የኢሬቻ ሕዝብ የሚጥለቀለቅበት ነው። በጳጉሜን ግን ጥቂት ቤተሰብ፣ ጥቂት ጎረምሳ፣ ጥቂት ጀልባ ብቻ ነበር። ከአፋፉ ላይ ሆነን ሐይቁ ወለል ብሎ ሲታይ ልጆቹ ጮኹ። አባባ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ብዙ ቆዩ። በሕይወታቸው ሐይቅ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነውና ውበቱ አፍዝዟቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። በመጨረሻ «ቦዩ የት ነው?» አሉኝ።

«ቦይ የለውም፣ አባባ።»

«ውሃው በየት ይወጣል?»

«አይወጣም። የሚገባ ወንዝም የሚወጣ ወንዝም የለውም። ድሮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ዝናቡና የከርሰ ምድሩ ውሃ ሞላው።»

ይህን በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ወደ ሐይቁ በዱላቸው እያመለከቱ፣ በታላቅ ኀዘኔታ፣ «ታዲያ ማን ለቀቀባቸው?» አሉ።

ጥልቀቱ 38 ሜትር ያህል እንደሚደርስ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ያለው ቢሾፍቱ ሐይቅ ደግሞ 87 ሜትር እንደሚሆን ነገርኳቸው። አልተደነቁም። እሳቸውን የገረማቸው ስፋቱ ነው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ለኩትና «አራት መቶ ጥማድ ይወጣዋል» አሉ። ወደ ቤት ስመለስ አስልቼ አየሁት። ሆራ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም 100 ሄክታር ነው፤ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ከሆነ አራት መቶ ጥማድ። የእኔ ስልክ ካልኩሌተር ይዞ ያመጣውን ሰውዬው በዓይናቸው አደረጉት። «ቢጠነፈፍ ስንት ስንዴ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ የባሰ ነገር ታያቸው። «ቢቢኤምን ያመጡልን ሰዎች እዚህ ነበሩ ማለት ነው? ከዚህ ሁሉ ውሃ አጠገብ ተቀምጠው የኛን ሊያወጡ መጡ?»

ምናለበት ይህን ሁሉ ውይይት አልጠበቀም። ገመዱን ከልጄ እጅ መንጭቆ ቁልቁለቱን ወረደና ዘሎ ገባ። ቦይ ስለለመደ መጀመሪያ ሊጋደምበት ሞከረ፤ መሬት የለም። ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ባለቤቴ «አባባ ውሻህ!» ስትል ጭንቅላቱ ብቅ አለ፤ ዓይኑ ፈጥጧል፣ ጆሮው ሁለቱም ታጥፈዋል። ቀጥሎ እግሮቹ ያለ አስተማሪ ሥራቸውን ያዙ። ማንም ሳያሳየው ዋኘ። ጅራቱን መሪ አድርጎ ወደ ሐይቁ መካከል አቀና።

እኛ ዳር ላይ ቆመን ቀረን። ከመካከላችን አንድ ዋና የሚችል ሰው የለም! ይህ የሚያሳፍር ነገር አይመስለኝም። ደገኛ ውሃን የሚያውቀው በሌላ ጠባዩ ነው። በክረምት ጀማ ሞልቶ ሰውና ከብት ሲወስድ ያየ ወላጅ ልጁን ወንዝ አያስወርድም። ቀትር ላይ ውሃ ዳር የሄደ ልጅ ይለከፋል ይባላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አዲስ አበባ ያደግነውም ቢሆን ለወንዝ ያለን ግንኙነት አፍንጫ ይዞ ድልድይ መሻገር ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ሄደን የምናውቀው ከውሃው ትንሽ ራቅ ብለን፣ ለውሃው ጀርባ ሰጥተን፣ ጥብስ ማዘዝ ነው። በዘመዶቼ አልበም ውስጥ ላንጋኖም ሐዋሳም አለ፤ ሁሉም ሰው ካልሲ እንዳደረገ ነው።

አባባ «ምናለበት!» ብለው ተጣሩ። በአጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች ውሻ እየጠሩ መሆኑን አላወቁም፤ አንዱ ጎልማሳ «እውነት ነው አባት፣ ምናለበት» አላቸው። ውሻው አልዞረም። አባባ ቦቲያቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ዱላቸውን እየተከሉ፣ ጥልቀቱን በእያንዳንዱ እርምጃ እየመዘኑ፣ ውሃ ውስጥ ገቡ። እኔ ከኋላቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ይዣለሁ፤ ባለቤቴ የኔን ሸሚዝ ይዛለች፤ ልጆቹ የእናታቸውን ቀሚስ። እንዲህ ተያይዘን ውሃው የአባባ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲደርስ ቆምን።

አንድ ባለ ጀልባ ወጣት ሳቁን እየዋጠ ቀረበ። «አባቴ፣ ላምጣልዎት?»

«በስንት?»

ዋጋውን ነገራቸው።

«ይሄ የሰው ሂሳብ ነው። ለውሻ ነው የጠየቅሁህ።»

ተከራከሩና አባባ ራሳቸው አብረው እንዲሄዱ በሰው ሂሳብ ተስማሙ። «እኔን ካላየ አይመጣም» አሉ። ጀልባዋ ውስጥ በሁለት እጃቸው ጠርዙን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «በስመ አብ» እያሉ ሄዱ። ምናለበት ሲያያቸው በደስታ ወደ ጀልባዋ መጣ፤ ሊሳፈር ግን አልፈለገም። ጀልባዋ ስትሄድ ጎን ለጎን ይዋኛል፤ ስትቆም ይዞራታል። ቀስ በቀስ አባባ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ሁለተኛውን። በመጨረሻ አንድ እጃቸውን ከጠርዙ አንሥተው፣ በሬ በሚያዝዙበት ድምፅ፣ «ወዲህ! አሁን ወዲያ!» ይሉት ጀመር። ሁለት ዙር ዞሩ። ሁለተኛውን ዙር ማን እንደጠየቀ ባለ ጀልባው ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር።

ምናለበት ሲወጣ የወጣው በእኛ በኩል አይደለም። ትንሽ ራቅ ብሎ የልጅ ልደት የሚያከብሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ኬኩ ገና አልተቆረሰም፣ ሻማው ሊለኮስ ክብሪት ተጭሯል። እርጥብ ውሻ በ4 ሰኮንድ ውስጥ ጠጉሩ ላይ ካለው ውሃ 70 በመቶውን አራግፎ እንደሚጥል አሜሪካ ውስጥ የለኩ ተመራማሪዎች አሉ። ቀሪው 30 በመቶ የት እንዳለ እኔ ልነግራቸው እችላለሁ፤ በሁለተኛው መራገፍ ኬኩ ላይ ነው። ክብሪቱ ጠፋ። የልደቱ ባለቤት፣ አራት ዓመት የሞላት ልጅ፣ ፊቷን በእጇ ጠረገችና በሳቅ ፈረሰች። እናትየዋ ግን በሳቅ አልፈረሱም። አባባ ባዶ እግራቸውን እየተጣደፉ መጥተው፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ወገባቸውን ታጥቀው ይቅርታ ጠየቁ። የዚያን ያህል ዕድሜ ያላቸው ሰው እንዲያ ሲያጎነብሱ ማን ይቆጣል? ሴትየዋ ደነገጡ፣ «ኧረ ይነሡ አባቴ፣ ኧረ በሞቴ!» አሉ፣ ወንበር አመጡ። ጥቂት ቆይተን የሁለት ቤት ሰው አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን እርጥቡን ኬክ እንበላ ነበር። አባባ ስለ ጅሩ ሰንጋ አጥብቀው እየተናገሩ ነው። ምናለበት ልጅቷ እግር ሥር ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ጠጉሩን አደረቀ።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ከየረር በኩል ጠቆረ። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡ ጸበል የሚሆንበት ቀን። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ከምንጣፉ ላይ ተነሥተን ወደ መኪና የምንሮጥ መስሎኝ ቁልፍ አወጣሁ። ማንም አልሮጠም። ሴትየዋ ነጠላቸውን ጥለው ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጡ። ቀኑን ሙሉ ሐይቁን ከሩቅ ሲያዩ የዋሉ አንድ ሰውዬ ሸሚዛቸውን አወለቁ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይዘላሉ። ባለቤቴ ጫማዋን ወርውራ ሐይቁ ዳር ባለው ሣር ላይ ትሽከረከራለች፤ ካገባኋት ጀምሮ ዝናብ ሲነካት «ፀጉሬን!» ስትል ነው የማውቃት። አባባ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ከጀልባው ላይ ያላገኙትን ልብ አግኝተው፣ «ጨምር! ጨምር!» ይላሉ። እኔም ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ገባሁበት። ዳር ላይ የቆምነው ሰዎች ከሐይቁ ውስጥ ከሚዋኙት ጎረምሶች የበለጠ ረጠብን።

አንድ ነጎድጓድ አጓራ። ልጄ ዞር ብሎ «ምናለበትስ?» አለ።

ፒክአፑ ሥር ነበር። ከኋለኛው ጎማ ጀርባ፣ አራት እግሩን ሆዱ ሥር ሰብስቦ፣ በሁለት ዓይኑ ብቻ ያየናል። አባባ በጭቃው ላይ በእንብርክካቸው ወርደው «ና ውጣ እንጂ! ውሃ ነው!» አሉት። አልወጣም። ኬክ ዘረጉለት፤ አንገቱን አስረዝሞ ኬኩን ወሰደና ተመለሰ። ሰማዩ ሲዘጋ፣ የመጨረሻው ጎርፍ ቁልቁለቱን ወርዶ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ፣ ያኔ ወጣ፤ ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ ጠጉሩ የተበጠረ ውሻ።

ከመካከላችን ቅያሪ ልብስ ያሰበ ሰው አልነበረም። መቼም ሐይቅ የሚሄድ ሰው ይረጥባል ብሎ ማን ያስባል? ባለቤቴ ዓይኗ የደብረ ብርሃኑ ብርድ ልብስ ላይ ነበር። አባባ ቀደሟት። «የደረቀ እሱ ብቻ ነው፣ አሁን ከረጠበ ይታመማል» ብለው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አለበሱት። እኔ እነዳለሁ፤ አባባ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እየተንቀጠቀጡ ከኋላ ወንበር ተጨናነቁ። መስኮቱ ተዘግቶ ትንሽ እንደሄድን የእርጥብ ጋቢ ሽታ መኪናውን ሞላው። ምናለበት አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ሁላችንንም አየንና አነጠሰ። ቀጥሎ መስታወቱን በአፍንጫው ይገፋ ጀመር፤ ዝቅ እስካደርግለት አላቆመም።